በራሪው ሳህን ከየት ተነሣ? እንግዳውን ከሰማይ ሳይሆን ከምድር ስለፈለጉት ግምቶች

ባለፈው ሰሞን አንድ ማታ በመኝታ ቤታችን መብራት ጠፋ። ሻማ አብርተን ስንጫወት፣ ወሬው ከፈተና ወደ ሻይ ቤት፣ ከሻይ ቤት ወደ ሰማይ ወጣ። ከመካከላችን አንዱ «በራሪ ሳህን የሚሉት ነገር ከሌላ ዓለም የመጣ ነው» ሲል፣ ሌላው «ኧረ ተው! እዚሁ ምድር ላይ የተሠራ ነው፤ ደብቀውን ነው እንጂ» አለ። ሦስተኛው ደግሞ «ከምድር በታች የሚኖሩ አሉ» ብሎ ሁላችንንም አሳቀን። ሻማው አለቀ፤ ክርክሩ ግን አላለቀም። ታሪክ ተማሪዎች ነንና በማግሥቱ ቤተ መጻሕፍት ገባን። በዚህች ጽሑፍ የምናቀርበው ከዚያ የለቀምነውን ነው።

የፊዚክሱን ጉዳይ ለፊዚክስ ተማሪዎች እንተወዋለን። የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው። ሰዎች «ይህ እንግዳ ከምድር ነው» ባሉ ቁጥር ማንን አሰቡ? ለምንስ እሱን አሰቡ? ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልን።

ሀ. ከሳህኑ በፊት መርከቡ ነበረ

ነገሩ በ1947 የተጀመረ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። የለም፤ ሃምሳ ዓመት ወደ ኋላ እንሂድ። በኖቬምበር 1896 በካሊፎርኒያ ግዛት ሳክራሜንቶ በምትባለው ከተማ ሰዎች ማታ ማታ ብርሃን የያዘ ነገር በሰማይ ሲያልፍ አየን አሉ። ጋዜጦች ወሬውን ተቀባበሉት። በ1897 ወደ መካከለኛው አሜሪካና ወደ ቴክሳስ ተዛመተ። ሕዝቡም ነገሩን «የአየር መርከብ» ብሎ ጠራው።

ነጂው ማን ነው? ለአብዛኛው ሰው መልሱ ቀላል ነበር፤ ሥራውን ደብቆ የያዘ አንድ አሜሪካዊ ፈልሳፊ ነው። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ አንድ ጠበቃ «የፈልሳፊው ነገረ ፈጅ እኔ ነኝ» ብሎ ተነሣ። የግዛቲቱ ዐቃቤ ሕግ የነበረው ሃርት ደግሞ ተከትሎት፣ መርከቡ ሃቫናን በቦምብ ለመደብደብ የታሰበ ነው አለ። ኩባ ያን ጊዜ በእስፓኝ ቅኝ ግዛት ሥር ሆና እየተዋጋች ነበርና ወሬው ሰሚ አላጣም። በመጨረሻ ቶማስ ኤዲሰን ራሱ «እኔ የለሁበትም» ብሎ ማስተባበል ግድ ሆነበት።

ታዲያ በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለ መርከብ ነበረ እንዴ? አልነበረም። የጀርመኑ ዜፕሊን ለመጀመሪያ ጊዜ የተነሣው በጁላይ 1900 ነው፤ የራይት ወንድማማቾችም አይሮፕላናቸውን ያስነሡት በዲሴምበር 1903 ነው። ስልክና የኤሌክትሪክ መብራት በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ሲመጡ ያየ ሕዝብ፣ በሰማይ ላይ ብርሃን ቢያይ ፈልሳፊ ቢያስብ አይፈረድበትም። ማርስን ያነሣ ሰው አልጠፋም። በአፕሪል 1897 አንድ የቴክሳስ ጋዜጣ፣ አውሮራ በምትባል መንደር መርከቡ ከነፋስ ወፍጮ ጋር ተላትሞ «የማርስ ሰው» ሞቶ ተገኘ ብሎ ጽፎ ነበር። ነገሩ የፈጠራ ወሬ ነው፤ በዘመኑም ብዙ ትኩረት አልሳበም።

በ1909 ወሬው እንግሊዝ አገር ገባ። እዚያ ግን ፈልሳፊ ያለ ሰው ጥቂት ነው። «የጀርመን ዜፕሊን ነው፤ ሊሰልለን መጥቷል» ተባለ። የዚያን ጊዜው ዜፕሊን ባሕር ተሻግሮ፣ ሌሊቱን በእንግሊዝ ሰማይ ዞሮ የመመለስ ዐቅም አልነበረውም። በእውነት መጥቶ ቦምብ የጣለው በጃንዋሪ 1915 ነው። ፍርሃቱ ከመሣሪያው ከአምስት ዓመት በላይ ቀድሞ ደረሰ ማለት ነው።

ለ. ሮኬቱና ሳህኑ

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባለቀ በዓመቱ፣ በ1946፣ በስዊድን ሰማይ ላይ ጭራ ያላቸው የሚበሩ ነገሮች ታዩ ተባለ። በዓመቱ ውስጥ አንድ ሺህ ያህል ሪፖርት ለመንግሥት ደረሰ። ጋዜጦች «የሙት መንፈስ ሮኬቶች» አሏቸው። ጀርመኖች V2 ሮኬትን የሠሩበት ፔነሙንደ በሶቪየት ጦር እጅ ስለነበረ፣ ጥርጣሬው ወዴት እንደሄደ መገመት አያዳግትም። በጁላይ አንዱ ኮልምያርቭ ከሚባል ሐይቅ ውስጥ ወደቀ ተብሎ ወታደሮች ሐይቁን ቢያስሱ ምንም አላገኙም። ሪፖርቱ በጣም የበዛው በኦገስት አጋማሽ ገደማ ነው። ያ ደግሞ በየዓመቱ ተወርዋሪ ኮከቦች የሚበዙበት ሰሞን ነው። እንግዲህ ስዊድኖች በየዓመቱ የሚያዩትን ኮከብ በዚያ ዓመት ሮኬት አድርገው አዩት ብንል ከእውነት ብዙ የራቅን አይመስለንም።

በዓመቱ፣ ጁን 24 ቀን 1947፣ ኬኔት አርኖልድ የሚባል የእሳት ማጥፊያ ዕቃ ነጋዴ በራሱ ትንሽ አይሮፕላን ሲበር፣ በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ሬኒየር ተራራ አጠገብ ዘጠኝ የሚያብረቀርቁ ነገሮች አየሁ አለ። አበራረራቸው በውኃ ላይ ተወርውሮ እንደሚነጥር ሳህን ነው ብሎ ተናገረ። ጋዜጠኞቹ አበራረሩን ትተው ሳህኑን ያዙ። «በራሪ ሳህን» የሚለው ስም የተወለደው በዚህ አኳኋን ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችንን ያስገረመን አንድ ነገር አለ። አርኖልድ ራሱ በመጀመሪያ ያሰበው አዲስ ዓይነት የጦር ጄት ነው ብሎ ነው። በኦገስት 1947 የጋሉፕ ድርጅት ሕዝቡን ሲጠይቅ ከዐሥር አሜሪካውያን ዘጠኙ ስለ ሳህኑ ሰምተዋል። ምንድን ነው ሲባሉ ግን ብዙው «አላውቅም» ወይም «የዓይን ስሕተት ነው» አለ፤ «የራሳችን መንግሥት ምስጢራዊ መሣሪያ ነው» ያለውም ቀላል አልነበረም። ከሌላ ዓለም የመጣ ነው የሚለው በዋናዎቹ መልሶች ዝርዝር ውስጥ ቦታ እንኳ አላገኘም። ያንን ሐሳብ በሰፊው ያዳረሰው በጡረታ ላይ የነበረው ሻለቃ ዶናልድ ኪሆ ነው፤ እሱም ከ1950 ጀምሮ በጻፋቸው ጽሑፎች። እንግዲህ «ከምድር ነው» የሚለው ግምት ኋላ ላይ በተጠራጣሪዎች የመጣ አይደለም፤ የመጀመሪያው መልስ እሱ ነበር።

ሐ. በእውነት የተደበቀው

«ደብቀውን ነው እንጂ» ያለው ጓደኛችን ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። በጁላይ 1947 በኒው ሜክሲኮ ግዛት ሮዝዌል ያለው የጦር ሰፈር «በራሪ ዲስክ አገኘን» ብሎ መግለጫ ሰጠ፤ ወዲያው ደግሞ «የአየር ጠባይ መመልከቻ ፊኛ ነው» ብሎ አስተባበለ። የአሜሪካ አየር ኃይል በ1994 ባወጣው ሪፖርት ነገሩን ገለጠው። ፊኛው ሞገል የሚባል ምስጢራዊ ሥራ ክፍል ነበረ። የሶቪየት ኅብረት የአቶም ቦምብ ሙከራ ድምፅ ከሩቅ ለማዳመጥ ወደ ላይ የሚሰቀል መሣሪያ ነው።

ቀጥሎ U2 የተባለው የስለላ አይሮፕላን አለ። በኦገስት 1955 መብረር ሲጀምር የመንገደኛ አይሮፕላኖች ከ3,000 እስከ 6,000 ሜትር ከፍታ ላይ ይበሩ ነበር። U2 ግን ከ18,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ፀሐይ ጠልቃ ከታች ሲጨልም ላይኛው ሰማይ ገና ብርሃን አለውና፣ የብር መልክ ያለው ክንፉ እንደ እሳት ይነድ ነበር። አብራሪዎች ሪፖርት ያደርጋሉ፤ የአየር ኃይሉ መርማሪዎች ለስለላው ድርጅት ደውለው እውነቱን ያረጋግጣሉ፤ ለሕዝቡ ግን ሌላ ምክንያት ይነገረዋል። ይህን በ1997 የጻፈው ጄራልድ ሄንስ የተባለ የመንግሥት ታሪክ ጸሐፊ ነው። ከ1950ዎቹ መጨረሻ እስከ 1960ዎቹ ከታዩት ከግማሽ የሚበልጡት የስለላ በረራዎች ናቸው ማለቱን ብዙዎች አይቀበሉትም፤ ማታለሉ መኖሩን ግን ከመንግሥት ወገን የሆነ ሰው አምኗል።

ሳህን በእውነትም ተሠርቷል፤ ብትስቁም እንነግራችኋለን። በካናዳ አቭሮ የሚባል ኩባንያ በአሜሪካ የጦር ገንዘብ አቭሮካር የተባለ ክብ ማሽን ሠራ። በ1959 ሲሞከር ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ከፍ ካለ በኋላ መንገዳገድ ጀመረ። በ1961 ሥራው ቆመ። ያን ያህል ዓለምን ያስፈራው ሳህን፣ ሰው ሲሠራው አንድ አጥር መዝለል አቃተው!

መ. ከምድር በታች

አሁን ወደ ሦስተኛው ጓደኛችን እንምጣ። በ1818 ጆን ሲምስ የተባለ አሜሪካዊ የጦር መኮንን፣ ምድር ውስጧ ባዶ ነው፣ በሁለቱም ዋልታ በኩል መግቢያ አላት ብሎ ለዓለም ምሁራን ወረቀት በተነ። ይህ አሮጌ ሐሳብ በ1945 ሬይ ፓልመር በሚያዘጋጀው የልብ ወለድ መጽሔት ላይ ነፍስ ዘራ። ሪቻርድ ሼቨር የተባለ ጸሐፊ፣ በምድር ሆድ ውስጥ ክፉ ፍጡራን ይኖራሉ፣ የሰውንም ልጅ በጨረር ያሠቃያሉ ብሎ ጻፈ፤ መጽሔቱም እውነት ነው ብሎ አቀረበው። ሳህኑ ሲመጣ ፓልመር ከሁለቱ አንድ ታሪክ ሠራ። ሳህኖቹ ከማርስ ሳይሆን ከዋልታው ቀዳዳ ነው የሚወጡት አለ።

ፎቶግራፍ አለኝም አለ። በኖቬምበር 23 ቀን 1968 ESSA 7 የተባለች የአሜሪካ ሳተላይት ባነሣችው የምድር ምስል ላይ በሰሜን ዋልታ ትልቅ ጥቁር ክብ ይታያል። ፓልመር በ1970 «ይኸውና ቀዳዳው!» ብሎ አተመው። ምስሉ ግን በአንድ ጊዜ የተነሣ አልነበረም። ቀኑን ሙሉ በፀሐይ ብርሃን የተነሡ ብዙ ፎቶግራፎች ተገጣጥመው የተሠራ ነው። በኖቬምበር ደግሞ በሰሜን ዋልታ ፀሐይ ጨርሳ አትወጣም። ብርሃን ከሌለ ምስል የለም፤ ምስል ያልነበረበት ቦታ ጥቁር ሆነ። የጎደለን መረጃ እንደ ተገኘ ነገር መቁጠር ምን ያህል እንደሚያሳስት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘንም። በታሪክ ትምህርትም ብዙ ጊዜ ይኸው ስሕተት ይደርስብናል፤ ሰነድ የጠፋበትን ዘመን እየተነሣን በምኞታችን እንሞላዋለን።

ሠ. የናዚ ሳህን

እስካሁን ያልነው ያስቃል። የሚከተለው ግን አያስቅም።

በማርች 1950 ጁዜፔ ቤሉትሶ የሚባል ኢንጂነር በአንድ የሮማ ጋዜጣ ላይ፣ በራሪ ዲስኮች ከ1942 ጀምሮ በጣልያንና በጀርመን ተነድፈው ነበር ብሎ ጻፈ። ይህ ሰው የሙሶሊኒ ሚኒስትር የነበረ ነው። በዚያው ወር ሩዶልፍ ሽሪቨር የሚባል ጀርመናዊ ለዴር ሽፒገል መጽሔት፣ እኔ ነኝ የነደፍኩት፣ ንድፉ ግን ተሰረቀብኝ አለ። ሁለቱም የተናገሩት የሳህኑ ወሬ ዓለምን ካዳረሰ በኋላ ነው። ነገራቸውን የሚደግፍ የጦርነቱ ዘመን ሰነድ አልተገኘም።

ተረቱ እያደር ሥር ሰደደ። ሂትለር ወደ ደቡብ ዋልታ ሸሽቷል፣ ሳህኖቹም ከበረዶው ሥር ነው የሚነሡት ተባለ። መነሻው እውነተኛ ጉዞ ነው። በ1938 መጨረሻ ሽቫበንላንድ የተባለች የጀርመን መርከብ ወደ አንታርክቲካ ሄዳ በ1939 ተመልሳለች። ሐሳቧ ግን የዓሣ ነባሪ ዘይት ማግኛ ቦታ ማስከበር ነበር። ሰመርሄይስና ቢቺንግ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ2007 ሰነዱን አንድ በአንድ መርምረው፣ ምሽግ የሚባል ነገር እንዳልተሠራ አሳይተዋል።

ታዲያ ይህን ተረት ማን ፈለገው? በ1970ዎቹ ካናዳ ውስጥ ይኖር የነበረው ጀርመናዊ ኤርንስት ዙንደል የናዚ ሳህን መጻሕፍት እያተመ ይሸጥ ነበር። ኋላ ላይ እንደ ተናገረው፣ መጽሐፉ ሰው የሚስብለትና ሬዲዮ ላይ የሚያስጋብዘው ዘዴ ነበር። ሬዲዮ ላይ ከወጣ በኋላ ሊናገር የሚፈልገው ሌላ ነው። ይህ ሰው የአይሁድን እልቂት የካደና በዚህም ወንጀል በ2007 በጀርመን ፍርድ ቤት አምስት ዓመት እስራት የተፈረደበት ነው። ሳህኑ ማር ነበረ፤ መርዙ ከሥር ነው።

ናዚዎች በእርግጥ ወደ ጠፈር ጠርዝ የሚደርስ መሣሪያ ሠርተዋል። እሱም V2 ነው። በኦገስት 1943 እንግሊዞች ፔነሙንደን ከደበደቡ በኋላ ሥራው ኖርድሃውዘን አጠገብ ወዳለ ተራራ ሆድ ገባ። ዋሻውን የቆፈሩትና ሮኬቱን የገጣጠሙት ከማጎሪያ ካምፕ የመጡ እስረኞች ናቸው፤ ሩሲያውያን፣ ፖላንዶች፣ ፈረንሳዮች፣ ሌሎችም። ዶራ በተባለው በዚያ ካምፕና በቅርንጫፎቹ 60,000 ያህል ሰው አለፈ፤ 20,000 ያህሉ ሞተ። ሮኬቱ ወድቆ ከገደላቸው ይልቅ ሲሠራ የገደላቸው ይበዛሉ። ከምድር በታች የሚኖሩ የሚሠቃዩ ፍጡራን ነበሩ እንግዲህ! ሼቨር ስለ ዋሻ ሥቃይ ልብ ወለድ ባሳተመበት በማርች 1945 እነዚያ ሰዎች ገና በዋሻው ውስጥ ነበሩ። የናዚ ሳህን ተረት የሚሠራው ግፍ ይኸው ነው። አስደናቂውን ማሽን ያሳየንና የሠራተኞቹን ሬሳ ይሸፍናል።

ቤሉትሶ የሙሶሊኒ ሚኒስትር ነበረ ብለናልና የእኛን አገር ነገር ሳናነሣ አናልፍም። አያቶቻችን ከሰማይ ስለመጣባቸው ነገር ከማርስ ነው ወይስ ከምድር ብለው አልተከራከሩም። ከዲሴምበር 1935 ጀምሮ የፋሺስት ጣልያን አይሮፕላኖች ኢፕሪት የተባለውን መርዝ በሰው፣ በከብትና በወንዝ ላይ ሲያፈሱ በዓይናቸው አይተዋል፤ በገላቸው ቀምሰዋል። ጁን 30 ቀን 1936 ጉዳዩ ጄኔቭ ላይ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ተነገረ። የጣልያን መከላከያ ሚኒስትር በይፋ ያመነው ግን በ1996 ነው፤ ከስድሳ ዓመት በኋላ። ያልነበረው ሳህን በአንድ ሳምንት ዓለምን ሲያዳርስ፣ የነበረው መርዝ ስድሳ ዓመት ፈጀበት።

ረ. የተደበቁት ወንድሞች

የዛሬዎቹ ግምቶች ረቀቅ ያሉ ናቸው። ማክ ቶኒስ የተባለ አሜሪካዊ ከሞተ በኋላ በ2010 በታተመ መጽሐፉ፣ እንግዶች የምንላቸው ከእኛ ጋር በዚህች ምድር ተደብቀው የኖሩ ዘመዶቻችን ቢሆኑስ ብሎ ጠየቀ። ማይክል ማስተርስ የተባለ የአንትሮፖሎጂ ምሁር በ2019፣ ከወደፊት ዘመን የሚመለሱ የልጅ ልጆቻችን ይሆናሉ አለ። በ2024 እሱና ሁለት ባልደረቦቹ የመጀመሪያውን ግምት በምሁራን መጽሔት ላይ አቀረቡት፤ ብዙ ሳይንቲስቶች እንደማይቀበሉትም ቀድመው አምነዋል። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር በማርች 2024 ባወጣው የታሪክ ዘገባ ደግሞ የሌላ ዓለም መሣሪያ ለመኖሩ ማስረጃ አላገኘሁም፤ ሰዎች ከሚያዩት አንዳንዱ የራሳችን ምስጢራዊ ሙከራ ነበረ ብሏል።

ስለ ተደበቁት ዘመዶች ስናነብ ሁላችንም አንድ ነገር ትዝ አለን። ይህን ታሪክ ከአያቶቻችን ሰምተነዋል! ሔዋን ሠላሳ ልጆች ነበሯት፤ ፈጣሪ ሊያያቸው ሲመጣ እንዳይወስድባት ፈርታ ውብ ውቦቹን ዐሥራ አምስቱን ደበቀች። እሱም «የተደበቁት ተደብቀው ይቅሩ» አለ፤ ዛሮችም ከእነዚያ ወረዱ ይባላል። በሩቅ ሰሜን ያሉት አይስላንዶችም ስለ ስውር ሕዝቦቻቸው የሚተርቱት ይህንኑ ነው። ልዩነቱ፣ የእነሱ ሔዋን የደበቀችው ገና ያላጠበቻቸውን ልጆች ነው፤ አፍራ። ዣክ ቫሌ የተባለው ተመራማሪ በ1969 የሳህን ወሬን ከአውሮፓ የድሮ ተረት ጋር ሲያስተያይ ዛርን ቢያውቅ ኖሮ አንድ ምዕራፍ ይጨምር ነበር ብለን ተሳሳቅን።

ተረቱን አንንቅም። የሰው ልጅ ወንድም እንዳለው፣ እሱንም እንደ በደለው የሚሰማው ይመስለናል። ነገር ግን ተረት ሌላ፣ ታሪክ ሌላ ነው። የተደበቁት ወንድሞቻችን በዶራ ዋሻ ውስጥ ነበሩ። ስማቸው በመዝገብ አለ፤ ፈልጎ የሚያነብ ነው የጠፋው።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሣ «እውነት ነው ወይስ ውሸት?» ብለን ብቻ አንለፍ እንላለን። ያየው ሰው ምን ይፈራ ነበር? ምስጢሩን የያዘው ማን ነው? ከወሬው ያተረፈውስ? ከሁሉ በላይ፣ ወሬው ሲወራ ማን ተረሳ? የመጨረሻውን ጥያቄ የማይጠይቅ የታሪክ ተማሪ ሰማይ ሰማይ ሲያይ የእግሩን ሥር ይስታል።

ያ «ከሌላ ዓለም ነው» ያለው ጓደኛችን ግን እስካሁን አልተረታም። የተቃውሞ ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው ብሎናል። እኛም በሚቀጥለው እትም እንጠብቀዋለን፤ ሻማ ግን እሱ ይግዛ።